በድምፅ ማየት፦ ዓሣን በቅጽበት የሚያሳዩ ሶናሮች እንዴት ይነጻጸራሉ?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከጥቂት ወራት በፊት በጓደኛው ጀልባ ላይ ሆኖ የቀረጸውን አጭር ቪዲዮ ላከልን። በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ብሩህ ነጥብ በዝግታ ወደ ታች ትወርዳለች፤ እርሷም መንጠቆው የተሰካባት ማባበያ ናት። ከበታቿ ረዘም ያለ ደመና መሳይ ቅርጽ ብቅ ይላል፤ ይጠጋታል፤ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያም በድንገት ከስክሪኑ ይጠፋል። ይህ ቅርጽ ዓሣ ነው። ዓሣው ከጀልባው 10 ሜትር ያህል ርቆ፣ ዓይን ምንም ሊያይበት በማይችል ድፍርስ ውኃ ውስጥ ነበር። ከቪዲዮው ጋር የተያያዘው ጥያቄ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ «መምህር፣ ሞገድን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከሦስቱ መሣሪያዎች የትኛውን ልግዛ?»

ሦስቱ የተባሉት በሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚፎካከሩ የቀጥታ ሶናሮች ናቸው። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ «ላይቭስኮፕ»ን እ.ኤ.አ. በ2018 አቀረበ። ሎውራንስ በ2020 «አክቲቭታርጌት»ን፣ ሃሚንበርድ ደግሞ በ2021 «ሜጋ ላይቭ»ን አስከተሉ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የተሻሻሉ ሞዴሎችን አውጥተዋል። ዋጋቸው ከነስክሪናቸው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር በመሆኑ የተማሪያችን ጥያቄ የዋዛ አልነበረም።

የሻጮች ማስታወቂያ ዘወትር ሦስት ነገሮችን ይደረድራል፤ ሩቅ ያያል፣ ጥርት አድርጎ ያያል፣ ፈጥኖ ያያል። ገዢው እነዚህን እንደ ሦስት የተለያዩ ስጦታዎች ሊመለከታቸው ይችላል። በፊዚክስ ዓይን ሲታዩ ግን ሦስቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ወደ ራሳችን ስንስብ ሌላው ከእጃችን ይሸሻል። ለተማሪያችን የላክነው መልስ አጭር ነበር። ምክንያቱን ግን ለአንባቢዎቻችን ዘርዘር አድርገን ማቅረብ ወደድን።

ከአንድ ጨረር ወደ ብዙ ጨረር

ሶናር ድምፅን ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1880 የተጣለ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ፣ ኳርትዝን የመሳሰሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጽታቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚፈጠር አስተዋሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖል ላንዥቫን ይህንኑ ክስተት ገልብጦ ተጠቀመበት፤ ክሪስታሉን በኤሌክትሪክ አንቀጥቅጦ ድምፅን በውኃ ውስጥ በመላክ ሰርጓጅ መርከቦችን መፈለጊያ ዘዴ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ጃፓናውያኑ የፉሩኖ ወንድማማቾች ቴክኖሎጂውን ለዓሣ አጥማጆች በሚሆን መልክ ለገበያ አቀረቡት።

የቀድሞው የዓሣ መፈለጊያ ወደ ታች የተደፋ የእጅ ባትሪ ይመስላል። አንድ የድምፅ ጨረር ወደ ወለሉ ይልካል፤ የተመለሰውንም በአንድ ቀጭን መስመር ይጽፋል። ቀጣዩን መስመር ከጎኑ ይጽፋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚታየው ርቀት አይደለም፤ ያለፈ ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች የዓሣው ጀርባ የሚመስላቸው ቅስትም የዓሣው ቅርጽ ሳይሆን ዓሣው በጨረሩ ውስጥ ሲያልፍ ርቀቱ መጀመሪያ አንሶ ኋላ የበዛበት ታሪክ ነው።

የአዲሶቹ ሶናሮች ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። በትራንስዲዩሰሩ ውስጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን የሴራሚክ ቁራጮች በረድፍ ተደርድረዋል። ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአንድ ቀጥተኛ መንገድ ዳር ሃያ ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል እንበል፤ እያንዳንዳቸውም በጣም ትክክለኛ ሰዓት ይዘዋል። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እያንዳንዱ ሰው የሰማበትን ቅጽበት ይመዘግባል። ደወሉ ፊት ለፊታቸው ካለ ሁሉም በአንድ ጊዜ አካባቢ ይሰማሉ። ወደ ቀኝ ካለ የቀኙ ሰው ቀድሞ፣ የግራው ዘግይቶ ይሰማል። መዝገቦቹን የሚሰበስብ ሰው ከመዘግየቱ ልክ ተነሥቶ ደወሉ በየት አቅጣጫ እንዳለ ማወቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ከየቁራጩ የመጣውን ምልክት በተለያየ መጠን እያዘገየ ይደምራል፤ በአንድ አቅጣጫ የሚስማማውን ድምር «ከዚህ በኩል የመጣ» ብሎ ይመዘግባል። ምልክቶቹ አንዴ ከተቀዱ በኋላ ይህን ስሌት ለብዙ አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ ማካሄድ ይቻላል።

የድምፅ ፍጥነት የሚያስቀምጠው ወሰን

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሜትር ርቆ ያለ ዓሣን ነክቶ ለመመለስ 60 ሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህም ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መሣሪያው 100 አቅጣጫዎችን አንድ በአንድ ቢጠይቅ ኖሮ አንድ ምስል ለመሙላት 4 ሰከንድ ባስፈለገው ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዓሣው መጥቶ ሄዷል። ሁሉንም አቅጣጫ በአንድ ምት አብርቶ በአንድ ጊዜ ሲያዳምጥ ግን በሰከንድ እስከ 25 ምስል ድረስ ማግኘት ይቻላል። «ቀጥታ» የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ወሰኑ አልተነሣም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። የሚታየው ርቀት ወደ 60 ሜትር ከፍ ሲል በአንድ ምት አንድ ምስል የሚያወጣ መሣሪያ በሰከንድ ከ12 ምስል በላይ ሊሰጥ አይችልም። በ150 ሜትር ደግሞ ከ5 ያንሳል። ይህ የኩባንያው ስንፍና አይደለም፤ ድምፅ ከዚህ በላይ አይቸኩልም።

ውኃ ድምፅን ሲበላ

ሁለተኛው ወሰን ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ ነው። ውኃ ድምፅን ወደ ሙቀት እየለወጠ ይበላዋል፤ አበላሉም በሞገዱ ድግግሞሽ ይወሰናል። በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን በአንድ ሜትር የሚጠፋው ድምፅ አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜጋ ሄርዝ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ በየሜትሩ 0.22 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዴሲቤል ግን የሚደመር ሎጋሪዝም መሆኑን አንርሳ፤ 10 ዴሲቤል ማለት ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ ነው። ለ30 ሜትር ርቀት የደርሶ መልሱ ኪሳራ 13 ዴሲቤል ነው፤ ከኃይሉ አንድ ሃያኛው ይቀራል። ይህ የሚቻል ነው። ለ150 ሜትር ግን ኪሳራው 66 ዴሲቤል ይሆናል፤ ከአራት ሚሊዮን አንዱ ብቻ ይመለሳል ማለት ነው። በ500 ኪሎ ሄርዝ ቢሆን ኖሮ በዚያው ርቀት የሚጠፋው 16.5 ዴሲቤል ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ድምፁ እየተበተነ የሚደክመው አለ፤ ትንሽ ዒላማ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ማሚቶው ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

እንዲህ ከሆነ ዝቅተኛ ድግግሞሽን ለምን አንመርጥም? ጥራቱ ስለሚጠፋ ነው። ትራንስዲዩሰሩ ሁለት አቅጣጫዎችን ለይቶ የማየት ችሎታው በግምት የሞገድ ርዝመቱ ለትራንስዲዩሰሩ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በአንድ ሜጋ ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለስሌት እንዲመች የትራንስዲዩሰሩን ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር እናድርገው። ውጤቱ 0.015 ራዲያን፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ያነሰ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ይህ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ500 ኪሎ ሄርዝ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ በ40 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ዓሦች በመጀመሪያው ሁለት ሆነው፣ በሁለተኛው አንድ ወፍራም ዓሣ ሆነው ይታያሉ። ዓሣ አጥማጁም ስለዚያ ወፍራም ዓሣ ለጓደኞቹ ሲያወራ ይኖራል!

አሁን ወደ ሦስቱ መሣሪያዎች እንመለስ። ሃሚንበርድ ምርጫውን በስሙ ላይ ጽፎታል፤ «ሜጋ» ማለት ሜጋ ሄርዝ ነው። በቅርብ ርቀት ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ከፍተኛውን ድግግሞሽ መርጧል፤ ዋጋውንም በርቀት ይከፍላል። የጋርሚን ላይቭስኮፕ ከ530 እስከ 1,100 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ሰፊ ክልል ይሸፍናል፤ የመጀመሪያው ሞዴል የተነገረለት የመጨረሻ ርቀት 61 ሜትር ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2022 ትልቅ ትራንስዲዩሰር ያለው «ኤክስ አር» የተባለ ሞዴል አውጥቶ በጨው አልባ ውኃ እስከ 152 ሜትር፣ በባሕር ውኃ ግን እስከ 107 ሜትር ያያል ሲል አስታውቋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚስብ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟው ማግኒዥየም ሰልፌት ለድምፁ ግፊት ሲል እየተለያየና እየተጣመረ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ሎውራንስ በበኩሉ በሁለተኛው የአክቲቭታርጌት ትውልድ ሁለት ትራንስዲዩሰሮችን አብሮ የማሠራት መንገድን ከፍቷል፤ ሰፋ ያለ ክልልን ወይም ሁለት ዕይታዎችን በአንድ ጊዜ ለሚሻ ሰው ይህ ጠቃሚ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ሙቀት አንድ ነገር እንጨምር። ቀዝቃዛ ውኃ ድምፅን ከሞቃት ውኃ ይልቅ ይበላል። በ5 ዲግሪ ሙቀት የአንድ ሜጋ ሄርዝ ድምፅ በየሜትሩ የሚያጣው ወደ 0.38 ዴሲቤል ይደርሳል። ተማሪያችን ክረምት ላይ በረዶ ቦርቡረው ከሚያጠምዱት አንዱ በመሆኑ በሐምሌ የሞከረው መሣሪያ በጥር ያንኑ ርቀት ባያሳየው ሊደነቅ አይገባም። የእኛው ጣና ግን ውኃው ሞቃት፣ ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለከፍተኛ ድግግሞሽ የተመቸ ነው። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ካሜራ በማይሠራበት ቦታ ድምፅ ይሠራል።

የሃያ ዲግሪው ቁራጭ

የማስታወቂያ ጽሑፎች ብዙ የማያወሩለት፣ እኛ ግን ከሁሉ የበለጠ ልብ እንዲባል የምንፈልገው ነገር አለ። የመጀመሪያው ላይቭስኮፕ ከላይ ወደ ታች 135 ዲግሪ የሚሸፍን ማራገቢያ መሰል ክልልን ያያል፤ የማራገቢያው ውፍረት ግን 20 ዲግሪ ነው። በዚህ ውፍረት ውስጥ ያለው ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንደ ወረቀት ተደፍጥጦ ይታያል። በ20 ሜትር ርቀት የ20 ዲግሪ ውፍረት 7 ሜትር ነው! በስክሪኑ ላይ ከማባበያው ሥር የቆመ የሚመስለው ዓሣ በእውነቱ 3 ሜትር ወደ ግራ ሊሆን ይችላል። ምስሉ ወደ ርቀት አቅጣጫ በሳንቲ ሜትር ደረጃ ስለታም፣ ከላይ ወደ ታች በአሥር ሳንቲ ሜትሮች ደብዛዛ፣ ወደ ጎን ደግሞ በሜትሮች ዕውር ነው። ሦስቱም ኩባንያዎች ትራንስዲዩሰሩ በጎኑ ተጋድሞ ክልሉን ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው የሚያሳይበት ዘዴ አላቸው። ያን ጊዜ ግን ጥልቀቱ ይደፈጠጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማየት ሁለት ትራንስዲዩሰር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለተማሪያችን «የትኛው ይሻላል?» የሚለውን ወደ «በየትኛው ውኃ፣ በስንት ሜትር?» እንዲለውጠው ጻፍንለት። ከ20 ሜትር ወዲህ፣ በጠባብ ቦታ ለሚያጠምድ ከፍተኛው ድግግሞሽ ይበጃል። በሰፊ ሐይቅ ላይ እየዞረ ለሚፈልግ ግን ሰፊ ክልል ያለው መሣሪያ የተሻለ ነው። የእያንዳንዱ ኩባንያ ትራንስዲዩሰር ከራሱ ቤተሰብ ስክሪን ጋር ብቻ ስለሚሠራ ስክሪን ያለው ሰው ምርጫው ግማሽ በግማሽ አልቆለታል። ለመሞከር ዕድል ካገኘ ደግሞ በዩቲዩብ ላይ የሚታዩ የተመረጡ ምስሎችን ትቶ አንድ ቀላል ሙከራ እንዲያደርግ መከርነው። ሁለት የእርሳስ ክብደቶችን በአንድ ገመድ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አንዱን ከሌላው በታች አስሮ ወደ ውኃው ያውርዳቸው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይራቅ። ሁለቱ ነጥቦች አንድ የሚሆኑበትን ርቀት ይመዝግብ። ይህ ቁጥር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የአየር ከረጢቱ

ተማሪያችን በሁለተኛው ደብዳቤው ያልጠበቅነውን ጥያቄ አመጣ፤ «ይህ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ክርክሩ አሜሪካ ውስጥ የጋለ ነው። ባስ የተባለውን ዓሣ በማጥመድ በሚወዳደሩ ባለሙያዎች ዘንድ ሁለቱ ታላላቅ ማኅበራት በ2025 ገደብ አበጅተው ነበር። ሜጀር ሊግ ፊሺንግ በከፍተኛው ውድድሩ ቀኑን በሦስት ክፍለ ጊዜ ከፍሎ መሣሪያውን በአንዱ ብቻ ፈቀደ። የባስማስተር ኢሊት ውድድር ደግሞ በአንድ ጀልባ አንድ የቀጥታ ሶናር ትራንስዲዩሰር ብቻ እንዲኖርና የስክሪኖቹ ስፋት ሲደመር ከ55 ኢንች እንዳይበልጥ ደነገገ። የመጀመሪያው ደንብ ለእኛ ይገባናል። የስክሪን ስፋትን መለካት ግን ብዙ የሚያስኬድ አይመስለንም፤ ስክሪን ማሳነስ ሞገዱን አያሳንሰውም።

እኛን ያሳሰበን ግን የተወዳዳሪዎቹ እኩልነት ሳይሆን የዓሣው አካል ነው። ሶናር ዓሣን እንዴት እንደሚያይ እናስታውስ። የዓሣ ሥጋ በጥግግቱም ሆነ ድምፅን በማስተላለፍ ፍጥነቱ ከውኃ ብዙ አይለይም፤ ከሚደርስበት የድምፅ ኃይል ከሺህ ጥቂቱን ብቻ ይመልሳል። ብዙ ዓሦች ግን በሆዳቸው ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት አለ። ከውኃ ወደ አየር የሚሻገር ድምፅ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመለሳል። በሜጋ ሄርዝ ደረጃ ቅርፊትና አጥንትም ድርሻ ቢኖራቸውም ዓሣውን በዋናነት የሚያጋልጠው ይህ ከረጢት ነው።

ይኸው ከረጢት የቦይል ሕግ ተገዢ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከላይኛው ገጽ እጥፍ ነው። በመንጠቆ ተይዞ በፍጥነት ወደ ላይ የሚሳብ ዓሣ የከረጢቱ አየር እጥፍ ሊሆን ይፈልጋል፤ ከ20 ሜትር ቢሳብ ሦስት እጥፍ። ትራውትና ካርፕ ከከረጢቱ ወደ ጉሮሮ የሚያስተነፍስ ቱቦ ስላላቸው ሊገላገሉ ይችላሉ። በሚኒሶታ የሚወደዱት ዎልአይና ክራፒ፣ እንዲሁም በእኛ ሐይቆች ያለው ቀረሶ ግን ከረጢታቸው ዝግ ነው፤ ትርፉን ጋዝ በደም በኩል ለማስወገድ ሰዓታት ያስፈልጓቸዋል። እንዲህ ያለ ዓሣ ተመልሶ ቢለቀቅ እንኳ ሆዱ ተነፍቶ በውኃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል፤ ወይም ሰምጦ ኋላ ይሞታል። ቀድሞ በጥልቁ መካከል ያለ ዓሣ የሚጠብቀው አለመታየቱ ነበር። አሁን ይታያል። «ይዤ እለቀዋለሁ» የሚለው አጥማጅ በስክሪኑ ላይ የሚጽናናበት ቁጥር ዜሮ ሲሆን በጥልቁ ያለው ቁጥር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ማጭበርበር ነው ወይ?» ለሚለው የሰጠነው መልስ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» የሚል ነበር። ዓሣውን ሊበላው ካሰበ ያጥምድ፤ ሊለቀው ካሰበ ግን ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በታች ያለውን አይቶ ይለፈው።

ቴክኖሎጂው ራሱ በዓሣ ላይ የተነሣ ጠላት እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ ዘመዱን እንጥቀስ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ የተሠራው «ዲድሰን» የተባለው የድምፅ ካሜራ በአላስካ ድፍርስ ወንዞች ውስጥ ወደ ላይ የሚዋኙ የሳልመን ዓሦችን ለመቁጠር አገልግሏል። የአሠራሩ መርህ ተመሳሳይ ነው፤ የተለየው ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው የያዘው ነገር ነው፤ አንዱ መንጠቆ፣ ሌላው እርሳስና ወረቀት።

ተማሪያችን በመጨረሻ ካለው ስክሪን ጋር የሚስማማውን መሣሪያ ገዛ። የእርሳሶቹንም ሙከራ አድርጎ ሁለቱ ነጥቦች አንድ የሆኑበትን ርቀት 17 ሜትር ሲል ጻፈልን። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶታል። በመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ማባበያውን ሲከተል የነበረው ዓሣ በድንገት ለምን ጠፋ? ሸሽቶ ነው እንዳንል ምስሉ ሲሸሽ አያሳየውም። ሁለት መንገዶች አሉ። ወይ ወደ ጎን ጥቂት ዋኝቶ ከ20 ዲግሪው ቁራጭ ወጥቷል፤ ወይም ጎኑን ሰጥቶ የነበረው ዓሣ ዞሮ ጅራቱን ወደ ትራንስዲዩሰሩ አድርጓል። ያን ጊዜ ለድምፁ የሚያቀርበው ገጽ በጣም ስለሚያንስ ማሚቶው ከስክሪኑ የብርሃን ደረጃ በታች ይወድቃል። ሁለቱን ለመለየት የመሣሪያውን የብርሃን መጠን ከፍ አድርጎ ያንኑ ቦታ ማየት ይበቃል። ደብዛዛ ነጥብ ከቀረች ዓሣው አሁንም እዚያው ነው።